ብርጭቆ ለብሼ የቆምኩበት ችሎት

የግራ ዓይኔ ላይ ያለውን ነጭ ጠባሳ የሚያዩ ሰዎች የዓይን ማዝ ያመጣው ይመስላቸዋል። ከሞጆ እስከ መተሐራ ባለው አቧራ ውስጥ ዓይኑን ታሞ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ብዙም አይጠይቁኝም። ለጠየቀኝ ግን አልዋሽም። በሽታ አይደለም፣ ብርጭቆ ነው። አንድ ሰው በአደባባይ እንዲዋረድልኝ ብዬ በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው። «ታዲያ አይቆጭሽም?» ይሉኛል። አይቆጨኝም።

የተወለድኩት ወለንጪቲ ነው። አባቴ ከምንጃር የወረደ ገበሬ ነበር፤ እናቴ የቦሰት ኦሮሞ ናት። ልጅ ሳለሁ ዓይኔ እንደማንም ሰው ዓይን ያይ ነበር። መበላሸት የጀመረው ጡቴ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ነው። አንዷ ጨረቃ ሦስት አራት ሆና፣ እርስ በርሷ ተደራርባ ትታየኝ ጀመር። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም አፍንጫውና አፉ እሳት እንደነካው ሰም ይፈስብኛል። ዓይኔ ግን አልቀላም፣ አላበጠም፣ አልመገለም፤ ስለዚህ የሚያምነኝ አልነበረም። እናቴ ብቻ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይንሽ ቢሰንፍ እጅሽ አይስነፍ» እያለች እህሉን በጣቴ፣ ዱቄቱን በመዳፌ፣ ሰውን በአረማመዱ ድምፅ መለየት አስተማረችኝ።

ለናዝሬት እህል ነጋዴ ሲድሩኝ ሽማግሌዎቹ የዓይኔን ነገር አልደበቁትም። እሱም «ለሙያዋ እንጂ ለዓይኗ አላገባትም» ብሎ ነበር። ይህን ያለው አባቴ ቤት፣ ሰው ሰምቶት ነው። ሱቁ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። በእድሜ ስለሚበልጠኝና የሸዋ ወግ ስለሆነ «እርስዎ» እለው ነበር። ሴት ልጅ ወለድን። እስከዚያ ድረስ ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የገበያ ቀን ነው። ልጄን አዝዬ ከኋላው እየተከተልኩት ነበር። ናዝሬት ነፋሷ የታወቀ ነው፤ አቧራው ተነሣና ሁሉ ነገር ቡናማ ሆነ። ሲረግብልኝ ፊት ለፊቴ ኩታ የለበሰ ሰው ቆሟል። ባሌ ነው ብዬ ኩታውን ጨብጬ «ቆይ፣ አይፍጠኑብኝ» አልኩት። ሰውዬው ዞሮ «እመቤቴ፣ አንቺን የመሰለች ከያዘችኝማ ምን አስቸኮለኝ» ሲል ገበያው በሳቅ ተናጋ። ባሌ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ያየኝ ነበር። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ግን አልተቻሉም። «ዛሬ ኩታ ያዘች፣ ነገ አልጋ ትሳሳታለች» አሉ፣ እኔ እየሰማሁ። በማግስቱ ባሌ ልብሴን በጆንያ ቋጥሮ እህል በሚጭንበት አህያ ላይ ጫነው። ልጄን ለማንሣት ጎንበስ ስል አማቴ ቀደሙኝ።

«ልጄስ?» አልኩ።

«ልጅቷን ዓይን ያለው ሰው ያሳድጋታል» አሉኝ አማቴ። ባሌ የአህያዋን ጭነት እያጠበቀ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ወራት ቆይቼ ከስሼው ናዝሬት ዳኛ ፊት ቆምኩ። ዳኛው የሚያስችሉት ከገበያው ጀርባ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ነበር። ባሌ በዚያ መሃል ሌላ ሚስት አግብቷል። አደግድጌ፣ ልጄን ይመልስልኝ ብዬ ተናገርኩ። እሱ ረጋ ብሎ ቆመና «ጌታዬ፣ እኔ ከእናት ልጅ የምነጥቅ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጅዋን ለይታ ካወቀች አሁኑኑ ትውሰዳት» አለ።

አስቦበት ነው የመጣው። አማቴ የጎረቤት ሴት ልጆች ሰብስበው፣ ራሳቸውን ላጭተው፣ አንድ ዓይነት ነጭ ቀሚስ አልብሰው ከሾላው ማዶ ደረደሯቸው። ዝም ካሉ ስኳር እንደሚሰጧቸው ቃል ገብተውላቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። እኔ የማየው ነጭ ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም በእጥፍ በእጥፍ። ወደ እነሱ ሄድኩ። ጠረኗን አውቀው ነበርና ጎንበስ ብዬ ላሸት ስል ባሌ ከኋላዬ፣

«በዓይን ነው እንጂ በአፍንጫ አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ ሳቀ። ቸኮልኩ፣ ተደናገጥኩ። አንዷን አቀፍኩ። ልጅቷ በእጇ ደረቴን ገፍታ «አና ሚቲ!» አለች፤ እኔ አይደለሁም ማለቷ ነው። የዚያን ጊዜ የተነሣውን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ። በሳቁ መሃል ደግሞ ከሰልፉ ጫፍ የራሴ ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅዋን ለየሁት። አማቴ ወዲያው አንሥተው ወሰዷት።

ዳኛው የሳቁ አልመሰለኝም። «ልጅሽን ከሰው ልጅ ካልለየሽ እሳትና ገደሉን እንዴት ትለዪላታለሽ? ዓይንሽ ሲድን ተመለሺ» ብለው አሰናበቱኝ።

ወለንጪቲ ስመለስ አባቴ ነገሩን ሁሉ ሰማና «ለእግዚአብሔር ስጪው ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አለኝ።

«እኔ አልጸልይም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ልጄን እፈልጋት ነበር፤ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ የልጄ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። የእሱ አንገት ሲሰበር ማየት እፈልግ ነበር። ያ የሳቀ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲያየኝ እፈልግ ነበር። እንጀራ ስቆርስ፣ ውኃ ስቀዳ፣ የማሰላስለው ይህንኑ ነው።

ናዝሬት ተመለስኩ፤ ሥራ ፍለጋ አልኩ ለሰው። ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ሕሙማን ያይ ነበር፤ የቁስል መጠቅለያ ጨርቅ የምታጥብለት ሴት ፈልጎ ቀጠረኝ። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ነበርና እኔም ሙሴ እለው ነበር። አማርኛውን ከዘበኞች ለምዶት ይሁን አላውቅም፣ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነበር የሚለው። መናገር የሚወድ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቁጣውም ቶሎ የሚበርድለት ሰው ነበር።

አንድ ቀን ጨርቅ ሳሰጣ ገመዱን በእጄ እየፈለግኩ አየኝና ጠራኝ። ብርሃን ላይ አስቀምጦ አገጬን ያዘ።

«አንተ ወደ ታች እይ» አለኝ።

ወደ ታች አየሁ። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ከጎን ሲመለከት ቆየና «አሃ» አለ። ከጓዳ አንድ ብርቱካንና አንድ ሎሚ ይዞ መጣ። «የሰው ዓይን ይሄ» አለ ብርቱካኑን አሳይቶ። ሎሚውን አነሣና ሹል ጫፉን በጣቱ ነካ። «ያንተ ዓይን ይሄ። ሎሚ። ፊቱ ሾሏል። ለዚህ መነጽር አይሆንም።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቴ ሌላ አንድ ሰው እንደማላይ ያመነኝ ያን ቀን ነው። እንባዬ መጣ። እሱ ግን እንባዬን አልጠበቀም፤ ቀይ ከፋይ የተለበጠ ሳጥን አውጥቶ ከፈተ። ውስጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሱ፣ ጎድጎድ ያሉ ብርጭቆዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ለነበረ፣ የእኔው ዓይነት ሕመም ለያዘው ላገሩ ሰው ያስመጣቸው ናቸው፤ ሰውዬው ሳይወስዳቸው ወዳገሩ ተመለሰ። «ዓይን ላይ ይለበሳል» ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ።

አልቀለደም። ብርጭቆውን ተፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይሞላዋል፤ እኔ ከምንጭ እንደሚጠጣ ሰው ፊቴን ወደ መሬት እደፋለሁ፤ እሱ ቆቤን በጣቱ ከፍቶ ከታች ወደ ላይ ያስጠጋዋል። ቅዝቃዜው መጣ፣ ከዚያ ብርጭቆው ዓይኔን ጎረሰው። መጀመሪያ የመረጠው አልገጠመም፣ ሌላ ሞከረ፣ እሱም ቆነጠጠኝ። ብዙ ቀን ሞከርን። በመጨረሻ ለሁለቱም ዓይኔ የሚሆን ተገኘ፤ ቀና በል አለኝና ቀና አልኩ።

ከደጁ ግራር ነበር። ግራር ለእኔ አረንጓዴ ጭስ ነበር። ያን ቀን ቅጠል እንዳለው አየሁ፤ ደቃቃ ደቃቃ፣ አንዱ ከአንዱ የተለየ። የሙሴን ፊት አየሁ፤ አፍንጫው የተላጠ፣ ጢሙ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ያለበት። እጄን አየሁ፤ አምስት ጣት ብቻ ነበረው።

ግን ብርጭቆው በነፃ አያሳይም። መጀመሪያ ደህና ነው። ትንሽ ሲቆይ ያሳክካል፣ ከቆቡ ሥር አንድ የጤፍ ፍሬ የተቀመጠ ይመስላል። ከዚያ ጉም ይመጣል፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ በብርድ ቀን መስኮት ላይ እንደተነፈሱበት። ከጉሙ በኋላ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይከብባል፣ ቀይና ሰማያዊ። ከዚያ ሕመም ነው። ሲወጣ ዓይኔ በርበሬ ይመስላል፤ ነጩ ላይ ብርጭቆው የተቀመጠበት ክብ ምልክት ይቀራል፤ ስጨፍነው ፊቱ በአሸዋ የተፈተገ ያህል ይሻክረኛል። አድሮ ግን ይጠራል።

«ለምንድን ነው የሚጉመው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ዓይን አፍንጫ የለውም፤ ግን ይተነፍሳል» አለኝ። «በፊቱ ይተነፍሳል። ብርጭቆ ክዳን ነው። ትንሽ ጊዜ፣ ይታገሣል። ብዙ ጊዜ፣ ይታፈናል፤ ቆዳው ይሞታል፣ ይቆስላል። አንተ ስማ፤ ቀስተ ደመና ካየህ፣ አውጣ። አቧራ ከገባ፣ አውጣ። አትጨቃጨቅ።»

ሰማሁት፤ እንዲያውም ከሚያስበው በላይ ሰማሁት። ምን ያህል ቆይቶ እንደሚያሳክክ፣ መቼ እንደሚጉም፣ ከጉሙ በኋላ ምን ያህል እንደማይ፣ ሁሉን እያጠናሁ ነበር። ብርጭቆውን ለብሼ ሻይ ቤት ልሄድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ፈልጌ አልነበረም። ችሎት ለመቆም ነበር።

መጀመሪያ ሄጄ ያየሁትም ልጄን አይደለም። ይህን ስናገር ሰው ይቀየመኛል፤ ቢሆንም እንዲያ ነው። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ጎትቼ እህል ተራ ወረድኩና ከሱቁ ማዶ ቆሜ እሱን አየሁት። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ፊቱን አላውቀውም ነበር! ጠባብ ትከሻ ያለው፣ ጢሙ ሳሳ ያለ፣ ከአንዲት ገበሬ ጋር ስለ አንድ ቁና ጤፍ የሚጨቃጨቅ፣ ላቡን በእጅጌው የሚጠርግ ሰው ነው። «ይህን ነው እንዴ እርስዎ ስል የኖርኩት?» አልኩ በልቤ። ፍርሃቴ እዚያው መንገድ ላይ ወደቀ። ቂሜ ግን አልወደቀም፤ ፊት አገኘና ባሰበት።

ዳኛው ጉዳዬን እንደገና እንዲያዩልኝ አመለከትኩ። የቀጠሮዬ ቀን ሙሴ ተጨነቀ።

«ዛሬ ነፋስ ነው። አቧራ ነው። አልፈቅድም» አለ።

«ሙሴ፣ ብርጭቆው የእርስዎ ነው፤ ዓይኑ ግን የኔ ነው» አልኩት።

የጨው ውኃውን ቀዳ።

ሾላው ሥር ስደርስ ሰዉ ሞልቷል። የመጀመሪያውን ቀን ሳቅ ያስታወሱ ሁሉ ለሁለተኛው ሳቅ መጥተዋል። በጎኔ እናቴ ብቻ ነበረች። ዳኛው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ግራ ቀኛቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በእድሜ የደከሙ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው አገጫቸውን ያሳረፉ ነበሩ። ባሌ ጥቁር ካባ ለብሶ ቆሟል፤ አማቴ ከኋላው። እያንዳንዳቸውን አየኋቸው፤ እነሱ ግን እንደማያቸው አላወቁም መሰለኝ።

ባሌ ግን ያውቅ ነበር። የሐኪሙ ቤት ዘበኛ ለባሌ ሁሉን ነግሮታል። ብርጭቆ እንደምለብስ፣ ብዙ እንደማያቆየኝ፣ ሲጉምብኝ ዕውር እንደምሆን። ይህን የደረስኩበት ኋላ ነው፤ ነገር ግን ባሌ መናገር ሲጀምር ያኔውኑ ጠረጠርኩ። የማያልቅ ነገር አመጣ። መጀመሪያ ዋስ ትጥራልኝ አለ። ከሰዉ መሃል አንድ የወለንጪቲ ሰው ዋሴ ሆኖ ቀረበ። የዋሴን ዋስ ጠየቀ። ከዚያ ስለ አባቱ መሬት፣ ከዚያ ስለ ሠርጋችን ድግስ፣ ከዚያ እናቱ ስላሳደጓቸው ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ለንግግሩ ዳኛው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያኔ ችሎት ወግ ነበርና አፍ ያለው ሰው ደስ ብሏቸው ነው የሚያደምጡት። በመሃል አንድ እማኝ ቀርቶብኛል፣ ከሞጆ እየመጣ ነው፣ ይጠበቅልኝ አለ። ተጠበቀለት።

ነፋሱ ተነሣ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ብይዘውም አንድ ነገር በግራው ብርጭቆ ሥር ገባ። ባልጨፍነውም ብጨፍነውም ይፍቀኛል፤ ቢላ በድንጋይ ላይ እንደሚሳል ያህል ይሰማኛል። እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል፤ አማቴ ያለቀስኩ መስሏቸው ለጎረቤታቸው በክርናቸው ምልክት ሲሰጡ አየሁ። አየሁ! ይህን ማየቴ ብቻ አቆመኝ። እናቴ ሁኔታዬን አይታ በኦሮምኛ «አውጪው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አላወጣም» አልኳት።

ጉሙ መጣ። ከዚያ ፀሐይ በሾላው ቅጠል መሃል ስታበራ በዙሪያዋ ቀዩና ሰማያዊው ቀለበት ተሠራ። ሙሴ አውጣ ያለኝ ያኔ ነው። ባሌ ደግሞ አየት አደረገኝና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ፈገግ አለ። እየጠበቀ መሆኑን ያኔ አረጋገጥኩ።

«በንጉሥ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው የሚያወራው ስለ ድግስ ነው፤ እኔ የከሰስኩት ስለ ልጄ ነው። ባለፈው ለይታ ካወቀች ትውሰዳት ያለው ራሱ ነው። አሁንም ያሰልፋቸው! ካልለየሁ በቅሎ እሰጣለሁ፤ አትለይም ካለ እሱም በቅሎ ያግባ!»

በቅሎ አልነበረኝም። የነበረኝ ሁሉ ደረቴ ላይ ያለው ነጠላ ነው። ውርርዱን ግን ባደባባይ እንቢ ማለት ለወንድ ነውር ነበር። ዳኛው ወደ እሱ ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

ዙሪያውን አየ። «አግብቻለሁ» አለ በቀስታ።

ልጆቹን አመጡ፤ እንደ በፊቱ የተላጩ፣ እንደ በፊቱ ነጭ የለበሱ። ሄድኩ። በግራ ዓይኔ ነጭ ጉም እንጂ ምንም የለም። በቀኙ እንደ ወንፊት ቀዳዳ የምታህል የጠራች ቦታ ቀርታኝ ነበር፤ በእሷ አንድ በአንድ አየኋቸው። ከመጨረሻዋ ፊት ስደርስ ቆምኩ። የእናቴ ግንባር፣ የእናቴ አገጭ። የልጄን አገጭ በእጄ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ግን አወቅኩት። አንሥቼ አቀፍኳት። ሾላው ሥር አንድም ሰው አልሳቀም።

እዚያ ላይ ብተወው ይበቃኝ ነበር። አልተውኩትም። ልጄን አቅፌ ፊቷን ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ሌላ ነገር አየሁ። ሽፋሽፍቶቿ በዓይን ማዝ ተጣብቀዋል፤ ቆቧ አብጧል፤ በዓይኗ ጥግ ዝንብ ተቀምጧል፣ እሷም መባረሩን ትታዋለች። ተሸክሜያት ዳኛው እግር ሥር ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ ይዩልኝ» አልኩ። «ዓይን ያለው ሰው ያሳድጋታል ብለው ነጠቁኝ። የዓይናማዎቹ ቤት ሥራ ይህ ነው። እኔ ዕውሯ ያየሁትን እነሱ አላዩትም!» ከዚያ ወደ ባሌ ዞርኩ። «አንተ!» አልኩት። ከተጋባን ጀምሮ «አንተ» ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። «ሱቅህ ውስጥ ነቀዝ የገባበትን ጤፍ ከሩቅ ታያለህ፤ የልጅህን ዓይን ዝንብ ሲበላው አላየህም? ዕውሩ ማነው?»

ባሌ ካባውን ጥሎ ጮኸ። «ጌታዬ፣ መተት ነው! የፈረንጅ ብርጭቆ ዓይኗ ውስጥ ከታ ነው የመጣችው። የራሷ ዓይን አይደለም። ታውጣውና ትለይ!»

ሰዉ ተንጫጫ። ዳኛው «እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው፤ ለብሻለሁ» አልኩ። ዘንግ ተደግፈው የተቀመጡትን አዛውንት አየሁ፤ ወይም ጥላቸውን አየሁ፤ ያኔ ከዚያ በላይ አይታየኝም። «አባቴ እዚህ የደረሱት በዘንጋቸው ነው። ዘንጉን ነጥቀን አልመጡም ልንላቸው ነው?»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «እኔማ መጥቻለሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ይህን ጊዜ የተሳቀው በእኔ አልነበረም።

ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ከእናቷ እንድትሆን፣ አባቷም ቀለቧን እንዲሰፍር ተፈረደ። በውርርድ የተረታባትን በቅሎ፣ የዳኛ ድርሻ ነበረችና፣ ዳኛው ያኑ ዕለት አስነዱ። ባሌ ካባውን ከአቧራ ላይ ሲያነሣ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ግን ቀኙም ጉሞብኝ ነበርና እናቴን «ምን ያደርጋል? ንገሪኝ» አልኳት። «አቀርቅሯል» አለችኝ። ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኳት።

ሐኪም ቤት እየመራችኝ ወሰደችኝ። የቀኙ ብርጭቆ ወጣ። ግራው ግን አብጦ በያዘው ዓይኔ ላይ ተጣብቆ እንቢ አለ። ሙሴ በትንሽ የጎማ መምጠጫ ሲስበው የጮህኩትን ጩኸት ጣቢያው ድረስ ሰምተውታል። ባገሩ ቋንቋ እየተሳደበ በመድኃኒት አጠበው። ከብርጭቆው ሥር የገባችው ጠጠር የዓይኔን ፊት ፈትጋዋለች፤ በታፈነው ቆዳ ላይ ቁስሉ መግል ያዘ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ብዙ ተኛሁ። ያን ሰሞን ሙሴ የልጄን ቆብ እየገለበጠ የዓይን ማዝ መድኃኒት በሆነው ሰማያዊ ድንጋይ ሲያሻት፣ እሷ ስትጮህ፣ እኔ ከጎኗ ተሸፍኜ እጇን እይዝ ነበር። የእሷ ዳነ። የእኔ ግራ ሲሽር ጠባሳው ነጭ ሆኖ ቀረ።

«አንተ ጅል ነህ» አለኝ ሙሴ ፋሻውን የፈታ ቀን። «አንድ ዓይን ጠፋ።»

«ሙሴ፣ እሱ ግን ተረታ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። የቀኙን ብርጭቆ ግን አልነጠቀኝም፤ ለጥቂት ጊዜ፣ ያውም እሱ ፊት ብቻ፣ እንድለብሰው ፈቀደልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ብርጭቆ ነው።

ቂም በፍርድ ያልቃል የሚል ካለ ቂምን አያውቀውም። ትንሽ ስጠነክር ከባሌ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ካለው ከፍታ ላይ አንድ ቤት ተከራየሁ። ለባቡር ሠራተኞች ልብስ አጥብ ነበር። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የሳሙናው ውኃ መንገዱን አቋርጦ ደጃፉ ድረስ ይወርዳል። ጆንያዎቹን ከወለል በላይ በእንጨት ላይ ማስቀመጥ ግድ ሆነበት። ማለዳ ሱቁን ሲከፍት እኔ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄን ፀጉር እሠራለሁ። ቀና ካለ እኛን ያያል። በተለይ ጠባሳው ያለበትን ወገን ወደ እሱ አዙሬ ነበር የምቀመጠው፤ በምን እንደረታሁት እንዳይረሳ።

አማቴ ታመው ሲደክሙ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ላይ ቆሙ፤ ይቅር እንድላቸው። «ሴትዮዋ መሞታቸው ነው፤ ስለ እግዚአብሔር» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይማራቸው» አልኩ። «እኔ አልማርኳቸውም። ድንጋዩን አውርዱት፣ ይከብዳችኋል።» ጠላ ቀዳሁላቸው፤ አልጠጡም። አማቴ በዚያው ሰሞን ሞቱ። ለቅሶ አልደረስኩም።

ጣሊያን ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ልጄ ውኃ ብቻዋን መቅዳት በጀመረችበት ጊዜ፣ ባሌ ሱቁን ለሌላ ነጋዴ አስረከበና ወደ ሞጆ ሊሄድ ተነሣ። ሁለተኛዋ ሚስቱ ትታው ከሄደች ቆይታ ነበር። አህዮቹን ደጃፉ ላይ አቁሞ ብቻውን ሲጭን አየሁት፤ የአንዷ ጭነት ወደ ጎን እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። ልብስ የማሰጣበትን ትቼ በር ላይ ቆምኩ። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር፤ ደስታዬን ላጣጥም ተዘጋጅቼ ነበር።

ልጄ በአጠገቤ አልፋ መንገዱን ተሻገረች። ጠራኋት፤ አልዞረችም። የአህያዋን ገመድ ይዛ አቆመችለት። እሱ ዞር ብሎ አያት፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ጭነቱን ማጠባበቅ ጀመረ። የሚነጋገሩትን ነፋሱ ወሰደው። ደግሜ አልጠራኋትም። እስኪጨርስ ድረስ ይዛለት ቆየች። ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ተመልሳ መጣች። እጇ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። በቀሚሷ እየጠረገች «እማዬ፣ ምሳ ደረሰ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት፤ ሽሮውን ልጥድ ገባሁ።